ስንደውል ማን ነን እንበል?

በደመንሁሩ የካንሰር ምርምር ማዕከል ሁሉም 'አብላ'፣ ታላቅ እህት፣ የሚላቸውን ኢንሺራህን የማይፈራ ፍጥረት ቢኖር መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ የምትተኛው ድመት ብቻ ነበረች። ዳይሬክተሩ ዶክተር ሉጥፊ እንኳ፣ በየጉባኤው ላይ አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩት ሰውዬ፣ ወደ ሴትዮዋ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት የሸሚዛቸውን ኮሌታ ያስተካክሉ ነበር። የሚገርመው ሴትዮዋ ተቆጥተው አያውቁም። ሲከፋቸው መነጽራቸውን ያወልቁና በሻርፓቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መወልወል ይጀምራሉ። ሰው የሚፈራው ያንን ውልወላ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት ማዕከሉን ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ያክማል፣ ተመራማሪው ይጽፋል፤ መድኃኒቱን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው፣ ፈቃዱን ማኅተም የሚያስመታው፣ ታካሚዋን በቀጠሮዋ ቀን በሩ ላይ የሚያስገኘው ግን ማነው ቢባል አብላ ኢንሺራህ ናቸው። ማዕከሉ ባሳተመው የጥናት ጽሑፍ ሁሉ ስማቸው አንድም ቦታ የለም። ተመራማሪዎቹ ይህን ሲያስቡት ሊያፍሩ ይገባ ነበር፤ አላሰቡትም።

ራውያ የመጣችው እሳቸውን ልትተካ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ካይሮ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ የቀጠሮ ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ በምርምር አስተዳደርም ሠልጥና ባለወርቃማ ጠርዝ የምስክር ወረቀት ይዛለች። አብላ ኢንሺራህ ስድሳ ሞልቷቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስድስት ወር ከጎናቸው ሆና ሥራውን እንድትለምድ ተደርጎ ተቀጠረች። ምስክር ወረቀቱን ገና በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። አብላ ኢንሺራህ አይተውት "ያምራል፤ ፍሬሙ ከየት ነው?" ብቻ አሉ።

የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ያስተማሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቀመጥ። በየጠዋቱ ሴቶቹ ተራ የሚጠብቁበት አዳራሽ ውስጥ፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ።

"ተቀምጬ ምን ልሥራ?" አለች ራውያ በሁለተኛው ቀን።

"ተቀመጪ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ተቀምጠሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ።"

ራውያ በገነች። ኮምፒውተር ይዞ አዳራሽ መቀመጥ የማያምር ስለመሰላት ስልኳን እየነካካች፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ስለ ዶሮ ዋጋ ሲያወሩ ሳትሰማ ወሩን ገፋችው። እሷ የተማረችው ሥርዓት መዘርጋት እንጂ አግዳሚ ማሞቅ አልነበረም።

የማዕከሉ ትልቁ ጥናት ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሴቶችን የሚከታተል ነው። ሁሉም የጡት ካንሰር ታክመው የዳኑ፣ በዓመት አንዴ እየመጡ በነፃ የሚመረመሩ ናቸው። በሽታው ከተመለሰ ገና በለጋው ይያዛል፤ ካልተመለሰ ደግሞ ለምን እንዳልተመለሰ ይጠናል። ድጋፉን የሚሰጠው የካይሮ ድርጅት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ በየዓመቱ ከአሥሩ ሴት ስምንቷ መገኘት አለባት። ከዚያ ካነሰ ጥናቱ ይዘጋል፤ ጥናቱ ከተዘጋ ነፃ ምርመራውም አብሮ ይቀራል። ገምጋሚ ኮሚቴው በሐምሌ መጀመሪያ ይመጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ ቁጥሩ ከዘጠኝ ወርዶ አያውቅም፤ እንዴት እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በሚያዝያ አብላ ኢንሺራህ ለዑምራ ወደ መካ ሄዱ። ሃያ ቀን። ራውያም "ሲመለሱ ጉድ ይላሉ" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የመዝገብ ቤቱ ማኅደሮች ሽፋን ያረጀ፣ ዳር ዳሩ የተበላ ካርቶን ነበር። ሽፋኑ ላይ ስም የለም። የሴትዮዋ ቁጥር አለ፣ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ወይም ሁለት ቃል። "ልብስ ሰፊ።" "የዓይን ሐኪም።" "የማዳበሪያ ማኅበር።" "ዶሮ አርቢ።" አንዱ ላይማ "የእህቷ ልጅ ከእስክንድርያ" ይላል። ራውያ የባል ሥራ መሰላት። የባል ሥራ ደግሞ ማኅደሩ ውስጥ በደንብ ተሞልቷል፤ እንዲያውም ብዙው አይገጥምም። ቁጥር 118 ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ ሽፋኑ ግን "የዓይን ሐኪም" ይላል። "ሴትዮዋ አርጅተዋል፣ ተምታቶባቸዋል" ብላ ለራሷ አዘነችላቸው። ሁሉንም በአዲስ ሰማያዊ ፕላስቲክ ሽፋን ለወጠች፤ መረጃውን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች፤ አሮጌው ካርቶን ጋሪ እየገፋ እየጮኸ ለሚያልፈው ቆራሌው ተሰጠ። ከዚያ ለሦስት መቶ ሰማንያ ስድስቱም ስልክ በአንድ ጊዜ መልእክት ላከች፦ "ከካንሰር ምርምር ማዕከል። ዓመታዊ ምርመራዎ ደርሷል። እባክዎ ይምጡ።"

አዝራሩን ስትጫን ደስ አላት። ይህ እውነት ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም።

በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ሴት መጣች። በሌላው ዓመት በዚያ ሰሞን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ይቆም ነበር። ራውያ መደወል ጀመረች። "ከማዕከሉ ነው የምደውለው" ስትል ስልኩ ጆሮዋ ላይ ይዘጋል። አንድ ሰውዬ ጮኸባት። አንዲት ሴት ሹክ ብላ "የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ ልጄ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው" አለችና ድምጿ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ስልኮቹ መዘጋት ጀመሩ፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ስልሳ። ራውያ ለቴሌ ደውላ ኔትወርኩን ወቀሰች።

አብላ ኢንሺራህ ቴምርና የዘምዘም ውሃ ይዘው ተመለሱ። ሰማያዊዎቹን ማኅደሮች በበሩ በኩል አሻግረው አዩና "ማሻአላህ፣ ባሕር መሰለ" አሉ። ራውያ በደስታ ተፍነከነከች። ቁርስ ገና አልቀመሱም ነበርና ከማዕከሉ ማዶ ካለው ጠባሽ ትኩስ ጣዕሚያ፣ የባቄላ ጥብስ፣ አስመጣች። አብላ ኢንሺራህ ጥቅሉን ፈቱት። አንዱን ጣዕሚያ አነሡ፣ ሊጎርሱ ሲሉ ቆሙ። ዘይት የጠጣውን የመጠቅለያ ካርቶን አስተካክለው አዩት። 118። የዓይን ሐኪም።

ጣዕሚያውን መልሰው አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"የቀሩትስ?" አሉ እየወለወሉ።

"የቀሩት ምን?"

"ሽፋኖቹ፣ ራውያ።"

"ለቆራሌው ሰጠናቸው። ያረጁ ነበሩ እኮ፣ አብላ። የባሎቹም ሥራ የተሳሳተ ነበር።"

ሴትዮዋ ብዙ ጊዜ ወለወሉ። ራውያ ከማዶ የጠባሹ ዘይት ሲንጫጫ ሰማች።

"የባል ሥራ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "እኛ ነን።"

"እንዴት እኛ?"

"አንዲት ሴት ጥናቱ ውስጥ ልትገባ ስትመጣ፣ ፈርማ ስትጨርስ፣ አንድ ጥያቄ እጠይቃታለሁ። 'ስንደውልልሽ ማን ነን እንበል?' እላታለሁ። ስልኩን አማቷ ታነሳዋለች፣ የባሏ ወንድም ያነሳዋል። እዚህ አገር ያንን በሽታ በስሙ የሚጠራው ማነው? አንቺስ ቤት ውስጥ ስሙ ይጠራል?"

ራውያ የገዛ አክስቷ ትዝ አለቻት። ቤተሰቡ አሥር ዓመት ሙሉ "ያ መጥፎው ነገር" እንጂ ሌላ ብሎ አያውቅም። ካይሮ መኖር ያስረሳት ይህ ነው።

"118 ባሏ አያውቅም። ለዓይኗ ነው የምትመጣው የሚመስለው። ሰባት ዓመት የዓይን ሐኪም ሆነን ደውለንላታል። 'የዓይኔ ጠብታ ደረሰ?' ትለናለች፣ 'ደርሷል' እንላታለን፣ ትመጣለች። አንቺ አሁን ምን ብለሽ ጻፍሽላት?"

ራውያ መልእክቱ በጭንቅላቷ ውስጥ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ስልክ ላይ እያበራ ታያት። ክው ብላ ቀረች።

"ሥራዬን ልልቀቅ" አለች።

"ጥሩ። እሱን ከሐምሌ በኋላ ትጽፊዋለሽ። አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማዕከሉ ውስጥ ዛሬም ያወሩታል። አብላ ኢንሺራህ ሦስት ቀን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሻይ በሻይ ላይ እየጠጡ፣ ቃሎቹን ከጭንቅላታቸው አወጧቸው። ራውያ ቁጥሩን ትጠራለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"41።"

"ረጅሟ። ግራ እጇ ላይ የቃጠሎ ምልክት ያላት። ዶሮ አርቢ።"

"42።"

"እህቷን ይዛ ነው የምትመጣው፤ እህትየዋ ብዙ ታወራለች። የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ። ለወንድ ድምፅ አትመልስም፣ እሱንም ጻፊው።"

"43።"

"43 አርፋለች፣ አላህ ይማራት። መልእክቱ ለእሷም ሄደ?"

"ሄዷል።"

"ልጇ ነው እንግዲህ ያነበበው" አሉ። ራውያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ አለቀሰች። ጠበቋት፤ አላባበሏትም። ስትጨርስ "44 በይ" አሏት።

አንድ ጊዜ እንኳ እስክሪብቶውን ከእጇ አልወሰዱም። ዶክተር ሉጥፊ በር ላይ ቆመው "አብላ፣ እርስዎ ቢጽፉት አይፈጥንም?" ቢሉ "እኔማ አውቀዋለሁ" ብለው መለሱ። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ያላስታወሷቸው አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ብቻ ነበሩ። በዚህም አፈሩ፤ እርጅና ነው ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ከሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው ሕይወት አሥራ ዘጠኙን ብቻ የረሳ ሰው የሚያፍር ከሆነ ሌሎቻችን የት እንግባ?

ራውያም በበኩሏ የምታውቀውን አመጣች። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የሴትዮዋ ቁጥር ሲከፈት ከሁሉ በፊት በትልቁ አንድ መስመር እንዲወጣ አደረገች፦ "እኛ ማን ነን፦ ልብስ ሰፊ።" ከሁለቱ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም፤ እሱን ሳያነቡም ስልክ ቁጥሩ አይወጣም። አብላ ኢንሺራህ ሦስቴ አስከፈቷት። "ካርቶኑ ይህን አይችልም ነበር" አሉ። ራውያ ከመጣች ጀምሮ ያገኘችው የመጀመሪያ ምስጋና ነው፤ ምስክር ወረቀቷን ያን ቀን ነው ከግድግዳው ያወረደችው።

ዶክተር ሉጥፊ ለድርጅቱ ስህተቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጠየቁ። አብላ ኢንሺራህ በአምስት መስመር ጻፉት። ራውያ ሊታተም ሲል አነበበችው። "ሽፋኑ ላይ ያለው ቃል ምን እንደሆነ ለተተኪዬ ሳላስረዳ ለጉዞ በመሄዴ ስህተቱ የእኔ ነው" ይላል።

"ይህ እውነት አይደለም፣ አብላ።"

"ምኑ? አስረድቼሽ ነበር?"

"አልጠየቅኩም እንጂ!"

"እንድትጠይቂ ላደርግሽ ይገባኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ስትቀመጪ ይገባሻል ብዬ ነበር፤ ስልክ ስትነካኪ እያየሁ ዝም አልኩ። ኩራቴ ነው። አሁን እኔን ምን ያደርጉኛል፣ ጡረታ ያስወጡኛል? አንቺ ግን ገና ሠላሳ ዓመት ትሠሪያለሽ።" ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ማኅተም መቱበት።

ከዚያ እየደወሉ መጠገን ጀመሩ። የዓይን ሐኪም ሆኑ፣ የማዳበሪያ ማኅበር ሆኑ፣ ከእስክንድርያ የመጣች የእህት ልጅ ሆኑ። ራውያ መጀመሪያ ላይ አንደበቷ ይያዛል፤ ዶሮ አርቢ ሆና ደውላ "ምርመራ" ልትል ትንሽ ቀርቷት "ምር... ምርጥ ጫጩት ገብቷል" ብላ አብላ ኢንሺራህን በሳቅ ልትገድላቸው ነበር። ሴቶቹ ተራ በተራ ተመለሱ። ስልካቸውን የዘጉትን ግን ማግኘት የሚቻለው ቤታቸው በመሄድ ብቻ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ በሚኒባስና በባጃጅ በየመንደሩ ዞሩ። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት ሴትዮ ጉልበታቸውን እየያዙ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ።

ከሁሉ የከበደው የ274 ቤት ነበር። ነበውያ ትባላለች፤ ከፍር ቱት በምትባል መንደር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቃሏ ልብስ ሰፊ ነው። መልእክቱ የገባ ቀን ስልኩ በልጇ በሰማሕ እጅ ነበር፤ ሰማሕ ደግሞ ከወደፊት አማቷ ጎን ተቀምጣ የሠርግ ዕቃ እያዩ ነበር። አማትየዋ አነበበችው። በሳምንቱ የወንዱ ቤተሰብ የቀለበቱን ወርቅ መልሱልን ብሎ ሰው ላከ። በሽታው በዘር ይሄዳል ብለዋል።

ይህን በሹክሹክታ የነገረቻቸው የሰማሕ ሚስጥረኛ የሆነችው፣ የተሳፈሩበት ባጃጅ ባለቤት ሚስት ናት። ራውያ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"በስልክ ይቅርታ ልጠይቃት፣ አብላ። ፊቷን ማየት አልችልም።"

"የይቅርታ ነገር በስልክ አይሆንም። ተራመጂ።"

አብላ ኢንሺራህ ከቦርሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥተው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ነበውያ በሩን ስትከፍት አጠገቧ ሁለት ጎረቤቶች ሞሎክያ የሚባለውን ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

"የቀሚሱን ልክ ልንወስድ ነው" አሉ አብላ ኢንሺራህ።

ነበውያ በጎረቤቶቿ ፊት ልትመልሳቸው አልቻለችም። ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፣ በሩን ዘጋች፣ ቆማ ቀረች። ተቀመጡ አላለችም። ሻይ አልቀረበም። በዚያ አገር ለእንግዳ ሻይ ካልቀረበ ሌላ ስድብ አያስፈልግም።

"ሐጃ፣ መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ" አለች ራውያ። ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ከዚህ በላይ አልመጣላትም። "እሳቸው አልነበሩም። የእርስዎን ቃል ሳልጠይቅ የጣልሁት እኔ ነኝ።"

ነበውያ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ተምረሻል አይደል?"

"አዎ።"

"ያስታውቃል።" ከዚያ ወደ አብላ ኢንሺራህ ዞረች። "እርስዎን አምኜ ነበር። ለእናቴ ያልነገርኩትን ነው የነገርኩዎት። አሁን ውጡልኝ፣ ሁለተኛም አትምጡ።"

አብላ ኢንሺራህ ክርክር አላነሡም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው፣ እውነት ልክ ሊወስዱ የመጡ ይመስል ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። በሩ ላይ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ጨርቁን ስትመርጪ ደውይልን፣ ነበውያ፤ ቁጥራችን ያው ነው" አሉ። በመመለሻው ባጃጅ ውስጥ ሆነው የደመንሁሩ ቦይ ጋ ሲደርሱ ራውያ "አትደውልም" አለች። "ላትደውል ትችላለች" አሉ አብላ ኢንሺራህ። "ቢሆንም ስትደውል የሚያነሳው ሰው ማን መሆኑን ማወቅ አለበት።"

ኮሚቴው በሐምሌ መጀመሪያ መጣ። ከሦስት መቶ ሰማንያ ስድስቱ ሦስት መቶ አሥራ አራቱ ተገኝተው ነበር፤ ከሚያስፈልገው ቁጥር አምስት ሴት ብቻ የበለጠ። ነበውያ ከመጡት ውስጥ የለችም። ሰብሳቢዋ ከካይሮ የመጡ ሽበታም ፕሮፌሰር ደብዳቤውን አንብበው "ወይዘሮ ኢንሺራህ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ስህተት?" ሲሉ ራውያ ሳይፈቀድላት ተነሣች።

"ደብዳቤው ትክክል አይደለም። ሽፋኖቹን የጣልሁት፣ መልእክቱንም የላክሁት እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ እጮኛዋን አጥታለች፣ በእኔ ምክንያት። እሳቸው የተሳሳቱት ነገር ቢኖር እኔን ማመናቸው ነው።"

"ቁጭ በይ" አሉ አብላ ኢንሺራህ።

"አልቀመጥም። ስቀመጥ ኖሬያለሁ።"

ዶክተር ሉጥፊ ኮሌታቸውን ነካኩ። አብላ ኢንሺራህ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ቀን ግን በሻርፓቸው የወለወሉት መነጽሩን ብቻ አልነበረም።

ፕሮፌሰሯ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቁ አዩ። "በሥራ ዘመኔ ሁለት አስተዳዳሪዎች ስህተቱ የእኔ ነው ተባብለው ሲጣሉ ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። "የለመድኩት ተቃራኒውን ነው።" ከዚያ ያንን መስመር፣ "እኛ ማን ነን" የሚለውን፣ እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። አስከፈቱ፣ አነበቡ፣ ለሌሎቹ ማዕከላትም እንዲጻፍላቸው አዘዙ። ጥናቱ ለአምስት ዓመት ተራዘመ። በሪፖርቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የአብላ ኢንሺራህ ስም ገባ፤ ከሥሩ ደግሞ የራውያ።

ጡረታ የወጡ ቀን ኬክ ተቆረጠ፣ ዶክተር ሉጥፊ ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ድመቷም ከኬኩ ደረሳት። ሰው ሲበተን አብላ ኢንሺራህ ከቦርሳቸው ያንን ሜትር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ሥራ ሲከብደኝ ልደውልልዎት እችላለሁ?" አለች ራውያ።

"ባሌን ፊክሪን አታውቂውም? ከማዕከሉ አንድ ስልክ ከመጣ ቀፎውን ቦይ ውስጥ እወረውረዋለሁ ብሎ በሦስት ወላሂ ምሎልኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ቁርሱን ብቻውን በልቷል፣ እውነቱን ነው።"

ራውያ ፈገግ አለች። "እንግዲያው፣ አብላ፣ ስደውል ማን ነኝ ልበል?"

ሴትዮዋ ይህን ጥያቄ ስንቱን ጠይቀው ራሳቸው ተጠይቀው አያውቁም ነበር። "ልብስ ሰፊዋ ነኝ በይ" አሉ።

በኅዳር አንድ ጠዋት የማዕከሉ ስልክ ጮኸ። ራውያ ከአዳራሹ አግዳሚ ላይ ተነሥታ አነሣችው። በየጠዋቱ እዚያ መቀመጥ ለምዳለች፤ የዶሮ ዋጋ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

"የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው?" አለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ።

ራውያ ድምፁን አወቀችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ነው፣ ሐጃ። ልብስ ሰፊዋ ነኝ።"

"ያ ቀሚስ..." ከሴትዮዋ ኋላ የሰው ድምፅ አለ፤ ቤቱ ውስጥ እንግዶች ነበሩ። "ያ ቀሚስ በግራ በኩል ጠበበኝ። ብብቴ ሥር። ከሳምንት በፊት ነው ያየሁት።"

ራውያ የነበውያ ማኅደር የሚለው ትዝ አላት፤ ግራ ጡት፣ የዛሬ አራት ዓመት። ድምጿ እንዳይለወጥ ጠረጴዛውን ያዘች።

"ሳምንት ብዙ አይደለም፣ ሐጃ። ቶሎ ሲያመጡት ይስተካከላል። ነገ በጠዋት ይምጡ፤ እኔ ራሴ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ተራ አይይዙም።"

"ያቺ ትልቋ ሰፊ አለች?"

"ጡረታ ወጥተዋል።"

ራውያ ስልኩ ሊዘጋ ነው ብላ ጠበቀች።

"በይ እሺ" አለች ነበውያ። "ልጄ ናት ደውይ ያለችኝ። ይዣት እመጣለሁ፤ እሷም ትለካ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ራውያ ሌላ ቁጥር መታች። ወፍራም የወንድ ድምፅ አነሣው።

"ማን ልበል?"

"ልብስ ሰፊዋ ነኝ፣ ኡስታዝ ፊክሪ።"

"አራት ወር ሙሉ ትደውያለሽ፣ አንድ ቀሚስ እንኳ ለብሳ አላየሁም" አለ ሰውዬው። "ኢንሺራህ፣ ነይ፤ ያቺ የማትሰፋው ሰፊሽ ናት።"

የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የአብላ ኢንሺራህ ትንፋሽ።

"274 ደወለች" አለች ራውያ።

ከወዲያ በኩል መነጽሩ እንደወረደ ራውያ አወቀች።

"ምን አለች?"

"ቀሚሴ በግራ በኩል ጠበበኝ አለች። ነገ ትመጣለች። ሰማሕንም ይዛት።"

"አንቺስ ማን ነኝ አልሽ?"

"ልብስ ሰፊዋ ነኝ አልኳት።"

"ደግ" አሉ አብላ ኢንሺራህ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። "ነገ ሜትሩን አንገትሽ ላይ አድርጊ። ከመንደሩ የሚያያት ሰው አይጠፋም።"